ናጃህ የፈጨው ድንጋይ

ዶክተር ወይንሸት ወልደአማኑኤል ናጃህን ያገኘችው ጉብሬ፣ አንድ የእህል ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ጊዜው 2009 ዓ.ም. መስከረም ነበር። የላብራቶሪዋ ወፍጮ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት እያቃሰተ ቆመባት። ከአዲስ አበባ ባለሙያ ማስመጣት ወር እንደሚፈጅ ስትሰማ ተስፋ ልትቆርጥ ነበር፤ ወልቂጤ የምትሠራበት የምርምር ማዕከል ሾፌር ግን “ጉብሬ አንድ ሰው አለ፤ ወፍጮ ምን እንደታመመ በጆሮው ነው የሚያውቀው” አላት። ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ናጃህ ከወፍጮ ቤቱ ሲወጣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር በዱቄት ነጥቶ ነበር።

እጁን አራግፎ ሰላም አላትና ስለ ወፍጮው ጠየቃት። እሷም አስረዳችው፤ ወፍራም በርሜል ነው፣ ውስጡ ጠንካራ ኳሶች አሉ፣ በርሜሉ ሲሽከረከር ኳሶቹ የተጨመረውን ነገር እየመቱ ያደቁታል። ናጃህ አዳምጧት ሲያበቃ “ወፍጮ ወፍጮ ነው” አለ። በማግስቱ ወልቂጤ መጥቶ መዳፉን ማሽኑ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ፣ አንድ ኩሽኔታ ለወጠ፣ ወፍጮውም ተነሣ። ወይንሸት በዚያው ሳምንት ማዕከሉ እንዲቀጥረው ጠየቀች።

እሷ ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር። የቡታጅራ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ወልደአማኑኤል የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ቡታጅራ ይኖራሉ። ወይንሸት ውጭ አገር ሄዳ የተማረችው ለባትሪ የሚሆን ሴራሚክ መሥራት ነው። ይህን ለአባቷ ስትነግራቸው መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር።

“ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ልትሠሪ?”

“የእኔ ሴራሚክ ሌላ ነው አባዬ። እንደ ሳንቲም የሳሳ ነው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በውስጡ ያልፋል፣ ሌላ ነገር አያሳልፍም። በእሱ ከጨው ባትሪ መሥራት ይቻላል። ቀን ከፀሐይ የተገኘውን ኃይል አጠራቅሞ ማታ ለጤና ጣቢያ መብራት የሚሰጥ፣ ርካሽ ባትሪ።”

አባቷ ትንሽ አሰቡና “ታዲያ መጀመሪያ ይህን አትነግሪኝም?” አሏት። ከዚያ በኋላ ቡታጅራ ውስጥ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ ልጃቸው ከጨው መብራት እንደምታወጣ ያወሩ ጀመር።

የቀጠራት ማዕከል በወልቂጤ ዳርቻ፣ በውጭ ድርጅት ርዳታ የተቋቋመ ትንሽ ቦታ ነበር። አሥራ ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። ኃላፊው አቶ አዳነ ከሰሜን መጥተው ለረጅም ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ የቆዩ፣ ጠንቃቃና ትሁት ሰው ናቸው። ወይንሸት አላገባችም፤ ከተማው ውስጥም ብዙ ወዳጅ አልነበራትም። ሕይወቷ ያ ላብራቶሪ ነበር። ናጃህ ከመጣ በኋላ ግን አብሮ የሚሠራ ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ አወቀች። ሴራሚኩ የሚተኮስበትን ምድጃ ሙቀት በየሰዓቱ እየተመለከተ በራሱ ደብተር ይጽፍ ነበር። ከእሷ መሣሪያ በፊት የሴራሚኩን ቀለም አይቶ “ይሄኛው ይሰነጠቃል” ይላል፤ ብዙ ጊዜም ይሰነጠቃል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው።

በ2010 ሴራሚኩ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከውጭ የሚመጣው የሲሊካ ዱቄት አለቀ። እንደገና ለማዘዝ የውጭ ምንዛሬ ተጠየቀ፤ ወረፋው ግን አልደርስ አለ። ወይንሸት ሁለት ወር ከጠበቀች በኋላ ኳርትዝ የሚባለውን ነጭ ድንጋይ ከሩቅ በጭነት መኪና አስመጥታ መረመረችው። ንጹሕ ነበር። እንደ ዱቄት ከላመ ከውጭ የሚመጣውን ሊተካ ይችላል። በዚህ በጣም ተደሰተች፤ የጸሐፊዋን ጠረጴዛ አልፋ አቶ አዳነ ቢሮ ስትገባ እንኳን በሩን አላንኳኳችም።

ድንጋዩን በመዶሻ መከስከስ፣ በወፍጮው መፍጨት፣ በወንፊት መንፋት የናጃህ ሥራ ሆነ። ቦታው ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ መስኮት ነበረው። ወይንሸት መስኮቱ እንዲዘጋና ጠርዙ በፕላስተር እንዲታሸግ አዘዘች፤ ከመንገዱ የሚገባው አቧራ ናሙናዋን እንዳያበላሽባት ነው። ከመስኮቱ ውጭ ስላለው አቧራ እንጂ ከውስጥ ስላለው አላሰበችም ማለት ግን አይቻልም። አስባለች። በትምህርቷ በሦስተኛው ዓመት የላብራቶሪ ደኅንነት ሥልጠና ወስዳለች። የኳርትዝ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደማይወጣ፣ ሳንባውን እያደነደነ እስትንፋስ እንደሚያሳጣ፣ መድኃኒት እንደሌለው ነግረዋታል። የታመመ ሳንባ ፎቶግራፍም አሳይተዋታል። ለዚህም ነው በመጀመሪያው ዕቅዷ ላይ ብናኝ የሚስብ ማሽን ያስገባችው።

ነገር ግን በዚያው ዓመት መብራት እየሄደ ሲመለስ የምድጃው ማሞቂያዎች ተቃጠሉ። የነበረው በጀት ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም። አቶ አዳነ “የትኛው ይቅደም?” ብለው ሲጠይቋት “ምድጃው” አለች። “የብናኙ ማሽን በሚቀጥለው ዓመት።” የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ነገር ተበላሸ። ከዚያ በኋላ ስለ ማሽኑ ያነሣ ሰው የለም፤ እሷም አላነሣችም።

መጀመሪያ ላይ ደቃቅ ብናኝ የሚከለክለው ትክክለኛው ማስክ አንድ ካርቶን ነበረ። ሲያልቅ ናጃህ አፍና አፍንጫውን በሻሽ ያስር ጀመር። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ የጨርቅ ማስክ በየቦታው ተገኘና ሁሉም ሰው የሚጠነቀቅ መሰለ። ናጃህ ከክፍሉ ሲወጣ ፀጉሩና ትከሻው ነጭ ነው። እንደ ድሮው ያራግፈዋል። አንድ ቀን ወይንሸት “ናጃህ፣ ይሄ ነገር ለጤና ጥሩ አይደለም፤ ማስክህን አውልቀህ አትሥራ” አለችው። “እሺ ዶክተር” አለ። የተነገረው ይህ ብቻ ነበር።

በ2013 የሴራሚኩ ውጤት ደረሰ። ከአገር ውስጥ ድንጋይ የተሠራው ከውጭ ዱቄት ከተሠራው እኩል ሆነ። ከረጂው ድርጅት እንግዶች መጥተው ጎበኙ፤ ፎቶ ተነሡ። ወይንሸት ናጃህ እንዲነሣ ጠራችው። መጥቶ ዳር ላይ ቆመ፤ ፎቶው ሲነሣ ግን ሳል ያዘውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሳሉ አልለቅ አለው። በ2014 በጋ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ያርፍ ጀመር። ወልቂጤ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ቲቢ ነው ብሎ መድኃኒት አስጀመረው። ስድስት ወር ዋጠ። ክብደቱ ግን እየቀነሰ ሄደ። በመድኃኒቱ መሐል ሥራ አላቋረጠም፤ ቤት መዋል አልወደደም። ወይንሸት አዘነችለትና መዶሻውን አስተወችው። “ቁጭ ብለህ የሚሠራ ቀለል ያለ ሥራ ልስጥህ” አለችው። የሰጠችው ቀላል ሥራ ዱቄቱን በወንፊት መንፋት ነበር። ከሥራው ሁሉ ብናኙ የሚበዛበት እሱ ነው።

መድኃኒቱ አልቆ ሳሉ ሲብስ፣ በ2015 ኅዳር ወይንሸት ራሷ በማዕከሉ መኪና አታት ሆስፒታል ወሰደችው። ሚስቱ ፈትሂያም አብራ ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነበር። ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ብዙ ጊዜ ተመለከተው።

“ሥራህ ምንድን ነው?” አለው።

“ወፍጮ ነው የምሠራው።”

“የእህል?”

“ድሮ የእህል ነበር። አሁን ድንጋይ ነው። ነጭ ድንጋይ።”

“ስንት ዓመት ሆነህ?”

“ድንጋዩ አምስት ዓመት ይሆነዋል።”

ሐኪሙ ወደ ወይንሸት ዞረ። “እርስዎ አሠሪው ነዎት?” አላት። “አዎ” አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቃትም። በሽታው ሲሊኮሲስ እንደሚባል፣ ከድንጋይ ብናኝ እንደሚመጣ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። ፈትሂያ “መድኃኒቱስ?” ስትለው “ሳሉን የሚያስታግስ እንሰጠዋለን” አለ። ፈትሂያ በጉራጌኛ ለናጃህ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች።

ወይንሸትና ናጃህ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

“ዶክተር” አለ ናጃህ። “እርስዎ ያውቁ ነበር?”

ልትዋሽ ትችል ነበር። ይህን በኋላ ለአባቷ ነግራቸዋለች፤ “ቲቢ መስሎኝ ነበር ብለው ኖሮ ያምነኝ ነበር” ብላለች።

“አውቅ ነበር” አለችው።

ናጃህ መሬት መሬቱን ተመለከተ። “እኔ እንደ ጤፍ ዱቄት ነበር ያየሁት” አለ። “ወፍጮ ቤት ስሠራ አሥር ዓመት ዱቄት ስተነፍስ ምንም አልሆንኩም።” ከዚያ ሳል ያዘው፤ ሲለቀው አይኑን ጠረገና “እትዬ ዓለምዘውድስ?” አለ።

ዓለምዘውድ ያን ክፍል የሚያጸዱት ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል።

“እሳቸው በየቀኑ በመጥረጊያ ነው የሚያነሡት” አለ ናጃህ። “ነገ እዚያ እንዳይገቡ።”

በማግስቱ ጠዋት ወይንሸት ክፍሉን ቆለፈችና ቁልፉን ይዛ አቶ አዳነ ቢሮ ገባች። ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። አቶ አዳነ ደነገጡ፤ ማዘናቸውም የምር ነበር። ናጃህ ደመወዙ ሳይቋረጥ ቤቱ እንዲቀመጥ በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፉ። ችግሩ የመጣው ከወር በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ውጤቱ ሲረጋገጥ ነው። ሕመሙ ከሥራ የመጣ መሆኑን አሠሪው በጽሑፍ እንዲገልጽ ተጠየቀ። የናጃህ የጉዳት ካሣም ሆነ የቤተሰቡ መብት በዚያ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል።

አቶ አዳነ ወይንሸትን አስጠርተው በሩን ዘጉ።

“ፋይሉ ላይ ቲቢ ታክሟል ይላል” አሏት። “ያ ራሱ አንድ ምክንያት ነው።”

“ቲቢ ስለመሆኑ የአክታ ምርመራ እንኳን አልተደረገለትም።”

“እሱን ለመናገር አንቺ ሐኪም አይደለሽም። እኔም አይደለሁም። ‘የሕመሙ መንስኤ በባለሙያ እየተጣራ ነው’ ብለሽ ብትጽፊ ምን ችግር አለው?”

“እየተጣራ አይደለማ። ተጣርቷል።”

አቶ አዳነ መነጽራቸውን አወለቁ። “ወይንሸት፣ ረጂዎቹ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ። ማዕከሉ ይዘጋል። አሥራ ሁለት ሰው ቤተሰብ አለው። ሥራሽም ገና መጀመሩ ነው። ውሸት ጻፊ አላልኩሽም። የማታውቂውን አትጻፊ ነው ያልኩሽ።”

“የማውቀውን ነው የምጽፈው” አለች።

ሁለት ገጽ ጻፈች። ድንጋዩ መቼ እንደመጣ፣ ክፍሉ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ መስኮቱን ማን እንዳሳሸገው፣ የብናኙ ማሽን በማን ውሳኔ እንደቀረ፣ ናጃህ ከታመመ በኋላ ወንፊት ላይ ማን እንዳስቀመጠው ጻፈች። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ “እኔ” አለች። አቶ አዳነ ሁለቱንም ገጽ አነበቡ። ከዚያ ማኅተሙን አውጥተው ራሳቸው መቱበት።

ቅዳሜ ቡታጅራ ሄዳ ለአባቷ ነገረቻቸው። ስለ ክፍሉም፣ ስለ መስኮቱም፣ ስለ ደብዳቤውም። አቶ ወልደአማኑኤል እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሟት። “ልጅ አለው?” ብለው ጠየቁ። “ሁለት ሴት ልጆች” አለች። ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ከጨው ስለምታወጣው መብራት ለማንም ሲያወሩ አልተሰሙም።

ረጂው ድርጅት አጣሪ ላከ። በስድስት ወር ውስጥ ገንዘቡ ቆመ፤ ማዕከሉም ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት ወይንሸት ወጥራ ይዛ ሠራተኞቹ ሁሉ በማዕከሉ ወጪ ራጅ እንዲነሡ አደረገች። የእሷ ሳንባ ንጹሕ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው በሌላው ክፍል ነው። የዓለምዘውድ ሳንባ ላይ ግን ትንንሽ ነጠብጣቦች ተገኙ። ሐኪሙ ገና ጅምር ነው፣ ከብናኙ ከራቁ እዚያው ሊቆም ይችላል አላቸው። ዓለምዘውድ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና “እኔስ ዕድሜዬን ኖሬያለሁ፤ ያ ልጅ ነው የሚያሳዝነኝ” አሉ። ሥራ ያጡት ባልደረቦቿ መናኸሪያ ላይ ሲያገኟት ሰላምታ የሚሰጧትም ነበሩ፤ ፊታቸውን የሚያዞሩም ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ “በገዛ እጅሽ ገነባሽው፣ በገዛ እጅሽ አፈረስሽው” ብሏታል።

የናጃህ ጉዳይ ግን አላለቀም። አንዱ ቢሮ ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃው ሲመጣ የሐኪሞች ቦርድ ይሰብሰብ ይባላል፤ ቦርዱ ሲሰበሰብ አንድ አባል ይጎድላል። ወይንሸት በየቢሮው እሷ ራሷ ተመላለሰች። በ2016 ናጃህ ከአልጋ ወደ በር ለመሄድ ሁለት ጊዜ ማረፍ ነበረበት። ጉብሬ ቤቱ ኦክስጅን ገባለት። ሲሊንደሩ ሲያልቅ ወልቂጤ ተወስዶ ይሞላል፤ ወይንሸት በሳምንት ሁለት ጊዜ በባጃጅ እያመላለሰች ታስሞላው ነበር። ፈትሂያ በር ከፍታ ታስገባታለች። “ደህና ነዎት” ትላታለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ከቤቱ ጓሮ ያለውን እንሰት ፍቃ ቆጮ ታዘጋጃለች፤ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች፤ ቤቱ የቆመው በዚያ ነው።

ናጃህ መናገር ይደክመው ነበር፤ ቢሆንም ስለ ሥራው ማውራት ይወድ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ “ያ መጨረሻ ላይ ያወጣነው ሴራሚክ አልተሰነጠቀም አይደል?” አላት።

“አልተሰነጠቀም።”

“ስንት ዲግሪ ላይ ነበር?”

ነገረችው። ትክክል መሆኑን በአይኑ አረጋገጠላት። ቀጥሎ ሲተነፍስ ቆየና “እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ” አለ። “አላህ ያውቃል፣ ከልቤ ነው። ግን ያኔ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር። ምናልባት እሠራው ነበር። ልጆች አሉኝ፤ ሥራውንም እወደው ነበር። ግን አውቄው እሠራ ነበር።”

ወይንሸት እጁን ያዘችና ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ቁጥር እያየች ተቀመጠች።

ናጃህ በ2017 ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ተቀበረ። አቶ አዳነም መጡ፤ ዓለምዘውድም መጡ። ወይንሸት ከሴቶቹ ጋር ከቤቱ ቀረች፤ ማንም የት ልትቀመጥ እንደሚገባ አላሳያትምና በሩ አጠገብ ቆመች። ሕመሙ ከሥራ የመጣ ነው የሚለው ውሳኔ የደረሰው እሱ ከሞተ በአራተኛው ወር ነው።

ያኔ ወይንሸት ወደ ቡታጅራ ተመልሳ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ማስተማር ጀምራ ነበር። ምርምር ትታለች። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ስለ ሴራሚኩ ባሳተመችው ጽሑፍ ላይ ተመሥርተው እየሠሩ እንደሆነ ይጽፉላታል፤ ለአንዳንዶቹ ትመልሳለች፤ ድንጋዩን እንዴት እንዳደቀቀች ለሚጠይቋት ግን መጀመሪያ የምትልክላቸው ለካሣው የጻፈችውን ሁለት ገጽ ተርጉማ ነው።

የውሳኔውን ወረቀት ይዛ ጉብሬ ሄደች። ፈትሂያ ጓሮ ነበረች። እጇን ታጥባ መጣችና ወረቀቱን ተቀበለች፤ ከሥሩ ከተያያዘው የወይንሸት ሁለት ገጽ ጋር አንብባ አጠፈችው።

“እሱ ይቅር ብሎሻል” አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ “እርስዎ” እንጂ “አንቺ” ብላት አታውቅም። “እኔ ግን አላልኩም። እንድልሽም አትጠብቂ።”

“አልጠብቅም” አለች ወይንሸት።

“አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። ሐኪሞቹ ሁሉ በስሙ ነው የሚጠሩት። ሲሊኮሲስ ይላሉ፤ እኔ ስሙን ምን አደርገዋለሁ? ደረቱ ውስጥ ምን ሆኖ ነው የሞተው? በሚገባኝ ንገሪኝ። ልጆቼ ሲጠይቁኝ የምለው የለኝም።”

ወይንሸት ተቀመጠች። ሳንባ ውስጥ እንደ እንጀራ ዓይን ያሉ ትንንሽ የአየር ቤቶች እንዳሉ፣ ብናኙ ከዓይን የሚሰወር ስለሆነ እስከዚያ ድረስ እንደሚገባ ነገረቻት። ሰውነት የድንጋዩን ቅንጣት ሊያወጣው ይታገላል፤ አቅም ሲያንሰው ዙሪያውን እንደ ጠባሳ ይሸፍነዋል፤ ጠባሳው ጠባሳ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጠባሳ ደግሞ አየር አያስገባም። በጥቂቱ በጥቂቱ ሳንባው ይደነድናል። ልብም ደሙን በዚያ ውስጥ ለመግፋት ሲታገል ይደክማል። ናጃህ መጨረሻ ላይ እግሩ ያበጠው ለዚህ ነው።

ፈትሂያ ሳታቋርጣት ሰማች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ “ያመው ነበር?” ብላ ጠየቀች።

“ጠባሳው አያምም። አየር ማጣቱ ነው የሚያስጨንቀው።”

“እሱን አይቻለሁ” አለች ፈትሂያ።

ወረቀቱን ልብሷ ውስጥ ከታ ተነሣች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ደርሶ ነበር። “ሲመጡ ልክ እንደነገርሽኝ ንገሪያቸው” አለቻት። “ከእኔ ከሚሰሙት ከአንቺ ይስሙት። መስኮቱን ማን እንዳስዘጋውም ጭምር።”

ወይንሸት እሺ ብላ ጠበቀቻቸው።